ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር

«ውሻ አለ እንዴ?»

አዲስ አበባ የሰው ግቢ አንኳኩቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጠይቋል። የብረት በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ከኃይለኛ ውሻ ይጠንቀቁ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ከውስጥ «አይዞህ፣ ታስሯል!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ነው እግር የሚነሳው። «ታስሯል» ስለ ሰው ሲነገር መርዶ ነው። ስለ ውሻ ሲነገር ግን የእንኳን ደህና መጣህ ያህል ነበር።

እኔም ያደግኩት እንደዚያ ባለ ግቢ ነው። ጉለሌ። ቦቢ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረን። ቀን ቀን ከውሃው በርሜል አጠገብ ይታሰራል። ማታ አባቴ ዜና ሰምቶ ሲጨርስ ወጥቶ ይፈታዋል። ማንም አልከፋበትም። እናቴ ከሥጋ ቤት አጥንት እያመጣች ትቀቅልለት ነበር። ክረምት ሲገባ አባቴ የቆርቆሮ ቤቱን በላስቲክ ይሸፍንለታል። እንወደው ነበር። ብቻ መታሰሩ ለማናችንም ጥያቄ ሆኖብን አያውቅም።

አንድ ቀን ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶት አገኘነው። ፀጉሩ ስለሸፈነው አላየንም ነበር። የነቃነው ዝንብ ሲበዛበት ነው። አባቴ ያንን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቁስል መድኃኒት ቀባለት። ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ለቀቅ አደረገና መልሶ አሰረው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቁስሉ ሲነካበት ቦቢ አልነከሰም። የአባቴን እጅ እየላሰ ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን የምኖረው ቴክሳስ ነው፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለች ከተማ። ከጓሯችን አጥር ማዶ አንድ አባት ይኖራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ለብዙ ዓመት ማታ ማታ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ እያሉ ቤታቸው ተሰብሮ ተዘርፈዋል። ከዚያ በኋላ ነው ነብሮን ያመጡት። ነብሮ የጀርመን እረኛ ዘር ያለበት፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ትልቅ ውሻ ነው። ጓሮ ካለው የፒካን ዛፍ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ታስሮ ያድራል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም አገሬን አስታወሰኝ። ጠዋት ቡና ሳፈላ የሰንሰለቱን ድምፅ ስሰማ ጉለሌ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ያ ስሜት የቆየው እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ነው። ቴክሳስ የነበረ ሰው ያን ሳምንት አይረሳውም። ፌብሩዋሪ 16 ጠዋት ዳላስ ፎርት ወርዝ አየር ማረፊያ ላይ የተመዘገበው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ነው። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ገደማ መሆኑ ነው። እዚህ አካባቢ ከ1949 ወዲህ እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም። በግዛቷ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት መብራት ጠፋበት። እኛም ልጆቹን መሃል አድርገን በአንድ አልጋ ላይ ተኛን።

ሌሊት ሰንሰለቱ በረዶው ላይ ሲጎተት ይሰማኛል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ነው ከአልጋ ያስነሳኝ። ካፖርት ላይ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ጋሼም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሻማ አብርተው ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ነብሮ ውጪ ነው እኮ።»

«ፀጉር አለው ልጄ። እግዜር ያለበሰው እኮ ነው።»

«ይሄ ብርድ ለፀጉርም አይሆንም። ያስገቡት።»

«ሥዕለ አድህኖ ያለበት ቤት ውሻ አይገባም። ይሄን አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። እናቴም ይህንኑ ነበር የምትለው። «ጋራዡስ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው መብራቱን አበሩና ቀደሙኝ። የውሃው ባልዲ እስከ ታች ድረስ ድንጋይ ሆኗል። የሰንሰለቱ መንጠቆ ከአንገት ቀበቶው ጋር በበረዶ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁ። መንጠቆውን በባዶ እጃቸው ጨብጠው ተንበረከኩ። እየተነፈሱበት ቆዩ። እኔ መብራቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ነብሮ አገጩን ትከሻቸው ላይ አሳርፎ ይንቀጠቀጣል። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተከፈተ አላውቅም። ሲከፈት ግን ጋሼ «በስመ አብ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ይህን የማወራው ጋሼ ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው። የታሰረ ውሻ ያለበት ቤት ሁሉ የጭካኔ ቤት አይደለም። ብዙ ጊዜ የልማድ ቤት ነው።

ብርዱ አለፈ፣ መብራት መጣ። ነብሮም ዛፉ ሥር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ ምን ይላል ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ለከተማው እንስሳት ቁጥጥር መደወል ቀላል ነበር። ግን አንድ አዛውንት የአገሬን ሰው በስልክ ከሶ ማግስቱን «እንደምን አደሩ» ማለት አልሆነልኝም። አሁንም መጀመሪያ ማነጋገር ይሻላል ባይ ነኝ። እንስሳው ሊሞት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ይደወላል።

ቴክሳስ ውሻን ውጪ ስለማሰር ከ2007 ጀምሮ ሕግ ነበራት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውሻን ውጪ አስሮ መተው ክልክል ነበር። ከትምህርት ቤት በ500 ጫማ ርቀት ውስጥም እንዲሁ። ብርዱ ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድም እንዲሁ። ሳነበው አባቴ ትዝ አለኝ። ቴክሳስንም ሕጓንም ሳያውቅ ማታ ማታ ቦቢን ይፈታ ነበር።

ሕጉ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። መኮንኑ ጥፋት ቢያይም መጀመሪያ የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በዚያ 24 ሰዓት ውስጥ ውሻው ምንም ይሁን፣ ቅጣት የለም። ሰውየው ለአንድ ቀን ይፈታዋል፣ መኮንኑ ተመልሶ ያያል፣ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ማሰር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው የተደፋበት ውሻ ደግሞ 24 ሰዓት አይጠብቅም።

ይህን ለማስተካከል በ2021 ሴናተር ኤዲ ሉሲዮ ያቀረቡት ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ በሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ አለፈ። በጁን ወር ግን አገረ ገዢው ግሬግ አቦት ውድቅ አደረጉት። ምክንያታቸው መንግሥት እንዲህ ጥቃቅን ነገር ውስጥ ሊገባ አይገባም፣ ሰውንም በዚህ ወንጀለኛ ማድረግ አይገባም የሚል ነበር። ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ የማሰሪያው ርዝመት ነው። ረቂቁ ማሰሪያው ከውሻው ርዝመት ጋር እንዲመዛዘን ይጠይቃል፤ ውሻው የሚለካው ደግሞ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ነው። ሰዉ በጣም ተቆጣ። ነገሩ በልዩ ስብሰባ እንደገና ቀረበ፣ ተስተካክሎ አለፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ እኚያው አገረ ገዢ ፈረሙበት። ከጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ።

አሁን ያለው ሕግ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰው በሌለበት ውጪ የታሰረ ውሻ መጠለያ፣ ጥላና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ሊኖረው ይገባል። ውሃ ያቋተበት ወይም ዓይነ ምድር የተከማቸበት ቦታ ላይ እንዲቆም መገደድ የለበትም። መጠለያው ውስጥ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ዞሮ፣ እንደልቡ ተጋድሞ መሆን መቻል አለበት። በሰንሰለት ማሰር ጭራሽ አይፈቀድም፣ ማሰሪያው ላይ ክብደት ማንጠልጠልም እንዲሁ። የማሰሪያው ርዝመት ከ10 ጫማ ወይም ከውሻው ርዝመት አምስት እጥፍ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው ማነስ የለበትም። የ24 ሰዓቱ ማስጠንቀቂያ ቀርቷል። መጀመሪያ ላይ ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ነው። ከዚህ በፊት የተቀጣ ሰው ከደገመው እስከ 2,000 ዶላርና እስከ 180 ቀን እስራት ሊደርስበት ይችላል። ሁለት ውሻ ከሆነ ሁለት ጥፋት ነው። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ፣ ለካምፕና ለመሳሰሉት የተለየ አንቀጽ አለው፤ ውሻውን ጓሮ አስሮ የሚያኖር የከተማ ሰው ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።

መጀመሪያ የአገረ ገዢውን ነገር ሳነብ እውነት አላቸው እንዴ ብዬ ነበር። ማን ነው ሜትር ይዞ ውሻ የሚለካው? በኋላ ግን ገባኝ። ከጋሼ ጋር ለመነጋገር የሚያስፈልገኝ ልኬት ነው። «እንስሳ አያሰቃዩ» ብላቸው «ማን አሰቃየው? ሥጋ እየበላ ነው የሚውለው» ይሉኛል። ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ሥጋ ይበላል። «ይበርደዋል» ስላቸው «ፀጉር አለው» ብለውኛል። ቁጥር ግን ማንም ላይ አይፈርድም። ስንት ነው ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

በጃንዋሪ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የባለቤቴን የአናጺ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ሕጉን በአማርኛ ጽፌ አንድ ገጽ አድርጌዋለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«እና ይሄን ውሻ ልንለካው ነው?»

«አዎ ጋሼ። እርስዎ ጭንቅላቱን ይያዙልኝ።»

ነብሮ ጨዋታ መሰለው። ሜትሩን ሊነክስ ይሞክራል። ጋሼ አፉን በፍቅር ጨብጠው «ቁም! ቁም አንተ!» ይላሉ። ከአፍንጫው ጫፍ ጀመርን፣ በጀርባው ላይ አድርገን ጅራቱ የሚነሳበት ድረስ። 42 ኢንች። በአምስት ሲባዛ 210 ኢንች፣ 17 ጫማ ተኩል ማለት ነው። ከዚያ ሰንሰለቱን ለካን። ዛፉ ላይ የተጠመጠመውን ትቶ፣ ከዛፉ እስከ መንጠቆው፣ 7 ጫማ አይሞላም።

ጋሼ ሜትሩን ከእጄ ተቀበሉ። ራሳቸው 17 ጫማ ተኩሉን ከዛፉ ጀምረው ሣሩ ላይ ዘረጉት። ጫፉ ላይ ሄደው ቆሙና ወደ ዛፉ ዞረው አዩ። ዛፉ ዙሪያ ያለው መሬት ሣር የለውም። ነብሮ ረግጦ ረግጦ እንደ አውድማ አድርጎታል። እሳቸው የቆሙት ከዚያ በጣም ርቀው ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት?» አሉ። ለእኔ አልነበረም።

ቡና ጠጣን። ቡናው ላይ ግን እውነተኛውን ጭንቀታቸውን አወጡት። «የተፈታ ውሻ ኃይለኛ አይሆንም። ውሻ ኃይለኛ የሚሆነው ሲታሰር ነው። ሌባስ?» አገር ቤት ሁላችንም የምናምነው ነው። ቡችላን ገና በጠዋቱ የሚያስሩት ለዚህ ነው።

በግማሹ እውነት ነው። መታሰር ውሻን ቁጡ ያደርገዋል። በ1994 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ዴንቨር ከተማ የተደረገ ጥናት አለ። ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ጋር አነጻጸረ። ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰር ውሻ የመንከስ ዕድሉ 2.8 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ፊቱኑ ቁጡ የሆነ ውሻም ይታሰራል፤ የትኛው ከየትኛው ቀደመ ማለት ይቻላል። እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ። የፈራ ውሻ ሁለት መንገድ አለው፣ መሸሽ ወይም መንከስ። ስናስረው አንዱን መንገድ ዘጋንበት። የቀረው ጥርሱ ነው።

ያ ጥርስ የሚያገኘው ግን ሌባን አይደለም። ሌባ ሰንሰለቱ የት ድረስ እንደሚደርስ አይቶ በዚያኛው በኩል ያልፋል። ጋሼም ይህን ያውቃሉ፣ ታክሲ ሲነዱ ብዙ አይተዋል። የሚነከሰው ኳሱ አጥር የዘለለበት ልጅ ነው። ልጅ ሰንሰለት አይለካም። የእኔ ልጆች ኳስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጋሼ ጓሮ ይገባል። ይህን ስነግራቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

ሌላም ነገር ነገርኳቸው። ይሄኛው ለአገሬ ልጆች ሁሉ ነው። ዜግነት የሚያመለክት ሰው ቅጹ ላይ ታስረህ፣ ተከሰህ ወይም መጥሪያ ተሰጥቶህ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በውሻ ገመድ የተነሳ እዚያ ሳጥን ውስጥ «አዎ» ብሎ መጻፍ የሚፈልግ የለም። ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ተቀምጠው አያነቡትም። እኛ ልጆቻቸው ካልነገርናቸው የሚሰሙት ከመኮንኑ አፍ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የቴክሳስን ልኬት ይዛችሁ እንዳትቀመጡ። ብዙ ሀበሻ በሚኖርበት በቨርጂንያ ፌርፋክስ ካውንቲ ውሻን በ24 ሰዓት ውስጥ ተደምሮ ከ1 ሰዓት በላይ ማሰር ክልክል ነው፤ ገመዱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም። ካሊፎርኒያ ከቋሚ ነገር ጋር ማሰርን ከ2007 ጀምሮ ከልክላለች፤ ለአጭር ጉዳይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ትፈቅዳለች። ቴክሳስም ውስጥ ከተሞች ከግዛቷ የጠበቀ ሕግ ማውጣት ይችላሉ። ኦስቲን ለምሳሌ ውሻን አስሮ መተውን ጭራሽ አትፈቅድም። ስለዚህ የራሳችሁን ከተማ ሕግ ተመልከቱ።

እኔ ብጠየቅ የፌርፋክሱን እመርጣለሁ። የቴክሳሱ ሕግ የሰዓት ገደብ የለውም። የድሮው የሌሊት ክልከላ እንኳ አዲሱ ውስጥ የለም። ገመዱ በቂ ከሆነ፣ ጥላውና ውሃው ካለ፣ ውሻው ዕድሜውን ሙሉ ታስሮ ሊኖር ይችላል። ይሄ ያሳዝነኛል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በሚቆጣጠራቸው የንግድና የምርምር ቦታዎች ውሻን በቋሚነት አስሮ ማኖርን ከ1997 ጀምሮ ከልክሏል። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ውሻን ሁልጊዜ አስሮ ማኖር ርኅራኄ የጎደለው ነገር ነው ብሎ በይፋ ጽፏል። ላቦራቶሪ ውስጥ ላለ ውሻ የተከለከለ ነገር ጓሮ ውስጥ ላለ የቤት ውሻ ሊፈቀድ አይገባም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼና ባለቤቴ ሆም ዲፖ ሄዱ። ፕላስቲክ የለበሰ የሽቦ ገመድና ሁለት ትልልቅ መንጠቆ ገዝተው መጡ። ከዛፉ እስከ አጥሩ ምሰሶ ከፍ አድርገው ወጠሩት። የነብሮ ማሰሪያ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ያስኬደዋል። መሮጫው ከተለካው ርዝመት እስካላነሰ ድረስ ሕጉ ይህንንም ይፈቅዳል። ሰንሰለቱን ጋሼ ጠቅልለው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

ነብሮ ግን አልሄደም። 7 ጫማው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የማይታይ ግንብ ያለ ይመስል ዞሮ ይመለሳል። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ነበር። ጋሼ በየጠዋቱ ወንበር አውጥተው አጥሩ ሥር ይቀመጡና የተቀቀለ አጥንት ይዘው ይጠሩታል። በኩሽናዬ መስኮት አያቸዋለሁ። በየቀኑ ወንበሩን አንድ እርምጃ ያርቁታል። «ና እንጂ። ና አባቴ፣ ማንም አይዝህም» ይሉታል።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። ቀን ላይ ደውለውልኝ ስለማያውቁ ደነገጥኩ።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ዛሬ ሙቀቱ 105 ይገባል ብሎ ሬዲዮኑ ሲያወራ ሰማሁ።»

«አዎ፣ በጣም ይሞቃል።»

«ነብሮን አስገብቼዋለሁ። ጋራዥ አይደለም፣ ጋራዡም እሳት ነው። ኩሽና ነው ያለው። የሳሎኑን በር ዘግቼዋለሁ፣ ሥዕሉ ያለው በዚያ በኩል ነው። ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ስትመጪ ግቢና እዪው ልልሽ ነው።»